አዛዥና ቀላቢ፦ ፈጣን ፋን ማዘርቦርድን ሳይጎዳ የሚሠራበት መንገድ

ሁለት ፋኖችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ሁለቱም ጎንና ጎናቸው 120 ሚሊሜትር ነው፤ የብሎን ቀዳዳቸው ይገጥማል፤ የገመዳቸው ጫፍም ማዘርቦርድ ላይ ባለው ባለአራት ፒን የፋን መሰኪያ ላይ ያለ ችግር ይገባል። አንደኛው የኖክቱዋ ኤንኤፍ-ኤፍ12 ነው፤ 0.05 አምፔር ይጠቀማል። ሁለተኛው የታይዋኑ ዴልታ የሚሠራው ኪውኤፍአር1212 የተባለው፣ 38 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውና በደቂቃ ወደ 6000 ዙር የሚጠጋው ነው፤ መለያው ላይ 2.70 አምፔር የሚል ተጽፏል። ልዩነቱ 54 እጥፍ ነው። "ፋን ማዘርቦርድ ያቃጥላል ወይስ አያቃጥልም?" የሚለው ክርክር ዓመታት የፈጀው ብዙ ጊዜ አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን በልቡ ይዞ ስለሚከራከር ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ሁለተኛው ዓይነት ፋን ለተራ ተጠቃሚ እንግዳ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ከአሮጌ ሰርቨር የተነቀለ ፋን በርካሽ ይገኛል። የቢትኮይን ማምረቻ ማሽኖችም የሚቀዘቅዙት በዚሁ ባለ38 ሚሊሜትር ዓይነት ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን አምራቾች ኃይል መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያሉ ማሽኖች ወደ አገር ቤት በብዛት ገብተዋል። ከማሽን የወጣ ፋን አንድ ቀን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ መግባቱ አይቀርም። የገመዱ ጫፍ መግጠሙ ደግሞ ያታልላል፤ የገጠመ ሁሉ የሚስማማ ይመስላል።

ሦስተኛው ሽቦ ለምን መጣ?

በመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒውተሮች ፋንና ማዘርቦርድ አይተዋወቁም ነበር። የሣጥኑን አየር የሚስበው በፓወር ሰፕላዩ ሆድ ውስጥ ያለው ፋን ብቻ ነበር። በ486 ዘመን ፕሮሰሰሮች ሂትሲንክና ትንሽ ፋን መጫን ሲጀምሩም፣ ያቺ ፋን ኃይሏን የምታገኘው ሃርድ ዲስኩ ከሚጠቀምበት ከሞሌክስ ገመድ ነበር። ሁለት ሽቦ ብቻ፦ 12 ቮልትና ግራውንድ። ፋኑ ቢቆም ኮምፒውተሩ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ኤልኤም78 ያሉ የሙቀት፣ የቮልቴጅና የዙር መከታተያ ቺፖች ማዘርቦርድ ላይ ሲመጡ ሦስተኛው ሽቦ ታከለ። ይህ ሽቦ ፋኑ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ሁለት ምት ይልካል፤ ቺፑ ምቱን ቆጥሮ ፍጥነቱን ያሰላል። ሦስተኛው ሽቦ የመጣው ወሬ ለማድረስ ነው። ኃይሉ በዚያው መሰኪያ መጓዙ ለአመቺነት የተደረገ ነገር ነበር፤ የዚያን ዘመን ፋን ደግሞ ትንሽ ስለሚበላ ማንንም አላሳሰበም።

ያሳሰበው በ2000 አካባቢ ነው። የኤኤምዲ አትሎን ፕሮሰሰሮችን ከተፈቀደላቸው ፍጥነት በላይ የሚያስሮጡ ሰዎች 60 ሚሊሜትር የምታህል፣ በደቂቃ ወደ 7000 ዙር የምትዞር የዴልታ ፋን ሂትሲንካቸው ላይ መጫን ጀመሩ። ጩኸቷ ክፍል የሚያስለቅቅ ነበር። "ፋኑን ከማዘርቦርድ ሳይሆን በቀጥታ ከፓወር ሰፕላይ አገናኝ" የሚለው ምክር እንደ ሕግ የተስፋፋው ያኔ ነው። ምክሩ ለዚያች ፋን ትክክል ነበር። ችግሩ ምክንያቱ ተረስቶ ምክሩ ብቻ መውረሱ ነው፤ ዛሬም 0.1 አምፔር የማይሞላ ፋን ይዘው የሚፈሩ አሉ፤ በተቃራኒው ደግሞ "ያ የድሮ ወሬ ነው" ብለው 2 አምፔር የሚሰኩ አሉ።

2004፦ ትእዛዝ ከኃይል ተለየ፣ ግማሹን ብቻ

ባለሦስት ሽቦ ፋን የሚዘገየው ቮልቴጁን በመቀነስ ነው። 12 ቮልት የነበረውን 7 ካደረጉት ፋኑ ይረጋጋል። ግን የቀረው 5 ቮልት የት ይሄዳል? በቀላሉ አሠራር ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ትራንዚስተር ወደ ሙቀት ትቀይረዋለች። ፋኑ በዚያ ቮልቴጅ 0.3 አምፔር ቢስብ ትራንዚስተሯ 1.5 ዋት ሙቀት ተሸከመች ማለት ነው፤ ለሩዝ ፍሬ ታህል ዕቃ ይህ ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፦ በዚህ አሠራር ፋኑ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ትራንዚስተሯ ታርፋለች፤ የምትጨነቀው መሀል ላይ ነው። "ቀስ አድርጌ ስላስኬድኩት አይጎዳም" የሚለው አስተሳሰብ ለመስመሩና ለፊውዙ እውነት ሲሆን ለትራንዚስተሯ ሐሰት ሊሆን ይችላል። ኋላ ላይ የመጡ ብዙ ቦርዶች ይህን በተሻለ የቮልቴጅ መቀነሻ ተክተውታል፤ አሮጌ ቦርድ ያለው ግን ልብ ይበል።

ኢንቴል ባለአራት ሽቦውን ፋን የሚገዛ ዝርዝር መስፈርት በ2004 አወጣ፤ በ2005 ደግሞ አሻሻለው። በዚህ መስፈርት ፋኑ ሁልጊዜ ሙሉ 12 ቮልት ያገኛል፤ አራተኛው ሽቦ በሴኮንድ ወደ 25 ሺህ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ደካማ ምልክት ያመጣል፤ የተፈቀደው ከ21 እስከ 28 ሺህ ነው፣ ከሰው ጆሮ በላይ እንዲሆን። የምልክቱ የመብራት ድርሻ ከፍ ሲል ፋኑ ይፈጥናል። ሽቦው ቢቆረጥ ፋኑ በራሱ ሙሉ ፍጥነት ይሮጣል። ፒደብሊውኤም የሚባለው አሠራር ይህ ነው።

የተለመደው ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው "ባለአራት ፒን ስለሆነ ማዘርቦርዱ ምልክት እንጂ ኃይል አይሰጥም" ይላል። አዎ፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ምልክቱ ነው። ኃይሉ ግን አሁንም በሁለተኛው ፒን፣ በዚያው መሰኪያ በኩል ነው የሚመጣው። ማዘርቦርዱ አዛዥ ሆነ እንጂ ቀላቢነቱን አልተወም። የፋን ጥያቄ ሁሉ የሚፈታው እነዚህን ሁለት ሥራዎች፣ ከነሱም ጋር ሦስተኛውን ወሬ የማድረስ ሥራ፣ ለየብቻ በማየት ነው።

መሰኪያው የሚችለው

በአብዛኞቹ የዛሬ ማዘርቦርዶች መመሪያ ላይ ለአንድ የፋን መሰኪያ የሚፈቀደው 1 አምፔር፣ ማለትም 12 ዋት ነው። አንዳንዶቹ ለፕሮሰሰር ፋን ወይም ለሁለገብ መሰኪያዎች 2 አምፔር ይሰጣሉ። ለውኃ ማቀዝቀዣ ፓምፕ ተብሎ የተለየ መሰኪያ እስከ 3 አምፔር የሚያደርስ ቦርድም አለ። በአንዱ ቦርድ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መሰኪያዎች ቁጥራቸው ሊለያይ ስለሚችል መመሪያውን መክፈት ግድ ነው፤ ቅርጻቸው አይለይም።

ከኢንቴል መስፈርት ጋር ሲነጻጸር ግን ክፍተት ይታያል። መስፈርቱ ፋኑ በቋሚነት እስከ 1.5 አምፔር፣ ሲነሣ ደግሞ ቢበዛ ለአንድ ሴኮንድ እስከ 2.2 አምፔር እንዲስብ ይፈቅዳል። ስለዚህ መስፈርቱን ያሟላ ፋን ባለ1 አምፔሩን መሰኪያ ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱም "ደረጃውን የጠበቀ" ተብለው የተሸጡ ዕቃዎች እርስ በርስ ላይስማሙ ይችላሉ፤ ገዢው ይህን የሚያውቀው ሁለቱንም ወረቀት ካነበበ ብቻ ነው።

ከአቅም በላይ ሲሳብ የሚጎዳው ምንድን ነው? ኃይሉ ከፓወር ሰፕላዩ በባለ24 ፒኑ ትልቅ መሰኪያ ይገባል፤ በዚያ ውስጥ 12 ቮልት የሚያመጡት ሁለት ፒኖች ናቸው። ከዚያ በቀጭን የመዳብ መስመር፣ አንዳንዴ በፊውዝ፣ አንዳንዴ በትራንዚስተር አልፎ ፋኑ ጋ ይደርሳል። የመሰኪያው ፒን ራሱ ብርቱ ነው፤ ከአንድ አምፔር በላይ ይችላል። ደካማው ከኋላው ያለው ነው። ደካማው የቱ እንደሆነ ደግሞ የጉዳቱን ዓይነት ይወስናል። በሙቀት የሚከፈትና ሲበርድ የሚመለስ ፊውዝ ካለ ፋኑ ይቆምና ቆይቶ ይነሣል፤ ባለቤቱም ፋኑ የተበላሸ ይመስለዋል። አንዴ የሚቃጠል ፊውዝ ከሆነ ያ መሰኪያ ይሞታል፣ ቦርዱ ግን ይኖራል። ትራንዚስተሯ ከሄደች ፋኑ ወይ ጨርሶ አይነሣም ወይ ከሙሉ ፍጥነት አይወርድም። ምንም መከላከያ ከሌለ መስመሩ ራሱ ይጠቁራል።

ክፉው ጉዳት ፋኖቹን ወደሚቆጣጠረው ቺፕ የዘለቀ እንደሆነ ነው። ይህ ቺፕ በብዙ ቦርዶች ሱፐር አይኦ ይባላል፤ ከፋን ሌላ የሚሠራው ብዙ ነው፣ ኮምፒውተሩን በማስነሣት ሂደት ጭምር ይሳተፋል። "ፋን ሰክቼ ማዘርቦርዱ ሞተ" የሚለው ታሪክና "ፋን ሰክቼ አንድ መሰኪያ ብቻ ሞተ" የሚለው ታሪክ ሁለቱም ሊታመኑ ይገባል። በቦርዶቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው ሁለት ታሪክ የወለደው።

መለያው የሚናገረውና የሚደብቀው

ፋን መግዛት የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ጀርባውን አዙሮ አምፔሩን ማንበብ ነው። በ12 ሲባዛ ዋቱ ይወጣል። "ፈጣን" ማለት ሁልጊዜ "ሆዳም" ማለት አይደለም። የኖክቱዋ ኢንዱስትሪያል ፒፒሲ 3000 ባለ120 ሚሊሜትሩ በደቂቃ 3000 ዙር እየዞረ 0.3 አምፔር ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ሦስቱ በአንድ ባለ1 አምፔር መሰኪያ ላይ ቢገናኙ ድምሩ 0.9 ነው፤ በወረቀት ላይ ያልፋል። የዚያው ቤተሰብ ባለ140 ሚሊሜትሩ ግን 0.55 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 1.1 ይሆናሉ፤ አያልፍም። የድርጅቱ ስም፣ የዙሩ ቁጥር ወይም የፋኑ መጠን ለብቻው ፍርድ አይሰጥም። አምፔሩ ነው የሚፈርደው።

ጠንከር ያለው ክርክር ያለው በፍጥነትና በኃይል ዝምድና ላይ ነው። የአየር ፋን የሚበላው ኃይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ደረጃ ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ይህን የያዙ ሰዎች "ባለ2.7 አምፔሩን ፋን በባዮስ 60 በመቶ ላይ እገድበዋለሁ" ይላሉ። ስሌቱ ያግዛቸዋል፦ 0.6 ለሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.216 ነው፤ 2.7 በዚያ ሲባዛ 0.58 አምፔር አካባቢ ይወጣል። ከ1 በታች ነው፤ በመልቲሜትር ለክተው የሚያረጋግጡም አሉ።

ተቃዋሚዎቹ ስሌቱን አይክዱም። የሚጠይቁት ባዮሱ ገና ሥራ ሳይጀምር ስላለው ጊዜ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ብዙ ቦርዶች ለጥቂት ሴኮንዶች ፋኖቹን በሙሉ ፍጥነት ያስኬዳሉ። የትእዛዝ ሽቦው ቢላቀቅ ፋኑ በመስፈርቱ መሠረት ወደ ሙሉ ፍጥነት ይሄዳል። የባዮስ ባትሪ ሲደክም ቅንብሩ ይጠፋል። ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅም ቦርዱ ገደቡን ንቆ ፋኑን ይለቀዋል፤ ያ ደግሞ ሁሉም ነገር የሞቀበት ሰዓት ነው። እኔም ከነዚህ ጋር ነኝ፦ በቅንብር ላይ የተመሠረተ ጥበቃ ቅንብሩ እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

በዚህ ላይ የመነሻ ኃይል አለ። ቆሞ ያለ ሞተር የሚቃወም ቮልቴጅ ስለማያመነጭ ሲነሣ ከተለመደው በላይ ይስባል። መለያው ላይ ይህ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ በአምራቹ የቴክኒክ ወረቀት ላይ ሊገኝ ይችላል። ቀስ ብለው እንዲነሡ የተሠሩ ፋኖች አሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ገመድ ገብቶበት የተያዘ ፋን ደግሞ ጥሩ መከላከያ ያለው ከሆነ ይቆምና በየጥቂት ሴኮንዱ ለመነሣት ይሞክራል፤ እያንዳንዱ ሙከራ አንድ መነሻ ነው። መብራት በቀን ደጋግሞ በሚሄድበትና በሚመጣበት አካባቢ የሚሠራ ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ቅጽበት ከሌላው ይበልጥ ደጋግሞ ያያል።

የአዲስ አበባ ከፍታም በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ዙር ያንኑ መጠን አየር ይገፋል፤ ያ አየር ግን ክብደቱ አነስተኛ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለኤ2 ክፍል ሰርቨሮች በሚሰጠው መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው የክፍል ሙቀት አንድ ዲግሪ ይቀነሳል፤ 35 የነበረው አዲስ አበባ ላይ ወደ 30 ይወርዳል ማለት ነው። ፈጣን ፋን የሚፈልጉ ሰዎች ፍላጎት መሠረት አለው። ቀጭን አየር ለሞተሩም ቀላል ስለሆነ በቋሚ ዙር የሚስበው አምፔር በመጠኑ ይቀንሳል፤ ግን ነፃ የተለቀቀ ፋን ትንሽ ስለሚፈጥን ቅናሹ ሙሉ አይሆንም፤ የመነሻው ኃይል ደግሞ ከአየሩ ጋር ጉዳይ የለውም። ከፍታን እንደ መድን መቁጠር አይገባም።

ስፕሊተር፣ ሀብ፣ ቀጥታ ሞሌክስ

መፍትሔ ተብለው ከሚቀርቡት መንገዶች መካከል አንድ ስለሚመስሉ ሁለት ነገሮች በቅድሚያ መነጋገር ያስፈልጋል። ስፕሊተር አንዱን መሰኪያ ለሁለት ወይም ለሦስት የሚከፍል ገመድ ብቻ ነው፤ የፋኖቹ አምፔር ሁሉ ተደምሮ በዚያች አንድ መሰኪያ ይወጣል። ሀብ ግን ከማዘርቦርዱ ከሚወስደው ትእዛዝ ሌላ ከፓወር ሰፕላይ የሚሰካ የሳታ ወይም የሞሌክስ ገመድ አለው። ገበያ ላይ ሁለቱም "ሀብ" ተብለው ይሸጣሉ። መለያው ዘዴ ቀላል ነው፦ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣ ገመድ ከሌለው ስሙ ምንም ይሁን ስፕሊተር ነው።

ኃይል ከፓወር ሰፕላይ፣ ትእዛዝና ወሬ ከማዘርቦርድ የሚለው አሠራር አዲስ ፈጠራ አይደለም። ወደ 23 ዋት የሚደርሰው ዲ5 የተባለው የውኃ ፓምፕ ለዓመታት የተሸጠው በዚህ መልክ ነው፤ ሁለት ሽቦው ወደ ሞሌክስ፣ የትእዛዝና የዙር ሽቦው ወደ ማዘርቦርድ ይሄዳል። ለከባድ ፋንም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ባለ500 ዋት ፓወር ሰፕላይ በ12 ቮልት መስመሩ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ስለሚሰጥ ለእርሱ ሁለት ሦስት ፋን ምንም አይደለም።

ነገር ግን ችግሩ ቦታ ቀይሮ እንዳይመጣ ማየት ያስፈልጋል። የሳታ የኃይል መሰኪያ ለ12 ቮልት ሦስት ጠባብ ፒኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 1.5 አምፔር ስለሚችሉ ድምሩ 4.5 አምፔር ወይም 54 ዋት ነው። ሁለት ባለ2.7 አምፔር ፋን 5.4 ነው፤ ሳታውን አለፈ። አሥር ፋን የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ሀብ አሥር ከባድ ፋን ይችላል ማለት አይደለም። ለእንዲህ ያለ ጭነት የሞሌክስ መሰኪያ ይሻላል፤ ፒኖቹ ወፍራም ናቸው። ከሞሌክስ ወደ ሳታ በሚቀይሩ ርካሽ ገመዶች ደግሞ ጥንቃቄ ይገባል፤ ጫፋቸው በፈሳሽ ፕላስቲክ የተቀረጸው ዓይነት ውስጡ ሽቦዎቹ ተቀራርበው ሾርት ሊያደርግና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ፒኖቹ አንድ በአንድ የተገፉበት ዓይነት ይመረጣል።

ፋኑን በቀጥታ ከሞሌክስ ማገናኘት ለማዘርቦርዱ ደኅና ነው፤ ዋጋው የቁጥጥር ማጣት ነው። በ6000 ዙር የሚጮህ ፋን ሳሎን ውስጥ ማንም አይታገሥም። በዚህ ምክንያት የመጣው "የ7 ቮልት ብልሃት" ነው፤ የፋኑን ቀይ ሽቦ ከ12፣ ጥቁሩን ከ5 ቮልት ጋር በማገናኘት ልዩነቱን 7 ማድረግ። ይሠራል። ሁለት አደጋ ግን አለው። ፋኑ የተጠቀመበትን ኃይል ወደ 5 ቮልቱ መስመር ይመልሳል፤ ያ መስመር ሌላ ተጠቃሚ ከሌለው ቮልቴጁ ሊያብጥ ይችላል። ሁለተኛው ይከፋል፦ የፋኑ "ግራውንድ" አሁን 5 ቮልት ላይ ስለሆነ የዙር ሽቦውን ከማዘርቦርድ ጋር ያገናኘ ሰው ዜሮ መሆን ያለበት ምልክት 5 ሆኖ ቺፑ ላይ ይቀመጣል። ይህን ብልሃት የሚጠቀም ሰው የዙር ሽቦውን ነቅሎ ይተወው። ከዚህ ሁሉ በላይ የማይደረገው ደግሞ አንድን ፋን ከፓወር ሰፕላይና ከማዘርቦርዱ 12 ቮልት ፒን በአንድ ጊዜ መቀለብ ነው፤ ሁለቱ ምንጮች በፋኑ በኩል ይገናኛሉ፤ ማዘርቦርዱ ዝቅ ሊያደርግ የሞከረውን ቮልቴጅ ፓወር ሰፕላዩ ወደ ኋላ ይገፋበታል።

በዩኤስቢ የሚታዘዙ ኮንትሮለሮችም አሉ፤ ኃይልም ትእዛዝም ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ውጭ ይሆናል። ለመሰኪያው ጥሩ ናቸው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ሶፍትዌር ሲንቀረፈፍ ወይም ዊንዶውስ ሳይነሣ ፋኑ ምን ያደርጋል የሚለው ግን ከሞዴል ሞዴል ይለያያል።

ቢጫ ሽቦ ምንድን ነው?

ፋኑን ከሌላ ማሽን ነቅሎ የሚያገናኝ ሰው ጫፉን ቆርጦ አዲስ መበየዱ የተለመደ ነው። ብዙ ቦርድ የሚሞተው በአምፔር ብዛት ሳይሆን በዚህ ብየዳ ላይ በሚሠራ ስሕተት ይመስለኛል። ምክንያቱ ቀለም ነው። በድሮው ባለሦስት ሽቦ ፋን ቀዩ 12 ቮልት፣ ቢጫው የዙር ምልክት ነው። በኢንቴል ባለአራት ሽቦ መስፈርት ግን ቢጫው 12 ቮልት ነው፤ ዙሩ አረንጓዴ፣ ትእዛዙ ሰማያዊ፣ ግራውንዱ ጥቁር። ብዙ የዴልታ ሰርቨር ፋኖች ላይ ቀዩ 12 ቮልት፣ ሰማያዊው ዙር ሲሆን ቢጫው ትእዛዝ ነው። የሳንዮ ዴንኪ ፋኖች ደግሞ ቢጫውን ለዙር፣ ቡናማውን ለትእዛዝ ይጠቀማሉ። አንድ ቢጫ ሽቦ እንደ ፋኑ ኃይል፣ ወሬ ወይም ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። 12 ቮልት ከ5 ቮልት ያልበለጠ ምልክት በሚጠብቅ የትእዛዝ ፒን ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም።

የሰርቨር አምራቾች ደግሞ የራሳቸውን የፒን አቀማመጥ ይጠቀማሉ፤ ባለአምስትና ባለስድስት ሽቦም አለ። በ48 ቮልት የሚሠሩ ፋኖች አሉ፤ በ12 ቮልት አይነሡም። ሦስተኛ ሽቦ ያለው ሁሉም ዙር አይቆጥርም፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ያ ሽቦ ምት አይልክም፣ ፋኑ ሲታሰር ብቻ የሚያስጠነቅቅ ነው። እንዲህ ያለውን ማዘርቦርድ ላይ የሰካ ሰው ዙሩ ዜሮ ሆኖ ያይና ፋኑ ሞቷል ብሎ ይደመድማል። ከሞዴል ቁጥሩ ተነሥቶ የአምራቹን የቴክኒክ ወረቀት ከማየት ሌላ አቋራጭ የለም፤ ቀለም ማመን አያዋጣም።

ገና ያልተቋጩት

የመጀመሪያው ያልተቋጨ ነገር የትእዛዝ ሽቦው ራሱ ነው። ኃይሉን ወደ ፓወር ሰፕላይ ያዞረ ሰው ማዘርቦርዱ አርፏል ብሎ ያስባል። ግን እያንዳንዱ ፋን በትእዛዝ ሽቦው ላይ የራሱን ትንሽ ጭነት ያሳርፋል፤ የኢንቴል መስፈርት ለአንድ ፋን እስከ 5 ሚሊአምፔር ይፈቅዳል። በቀጥታ የተገናኙ አሥር ፋኖች ወደ 50 ሚሊአምፔር ሊደርሱ ነው፤ የማዘርቦርዱ ቺፕ ለዚህ የተሠራ ስለመሆኑ መመሪያዎች አይናገሩም። ምልክቱን ተቀብለው በራሳቸው ቺፕ አጠንክረው የሚያከፋፍሉ ሀቦች አሉ፤ ሽቦውን ዝም ብለው የሚያያይዙም አሉ። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም።

ሁለተኛው የመሰኪያው አሠራር ነው። ባለአራት ፒን ሆኖ ሳለ ፍጥነት የሚቆጣጠረው ቮልቴጅ በመቀነስ የሆነ መሰኪያ በብዙ ቦርዶች ላይ አለ። እንዲህ ያለ መሰኪያ ላይ የተሰካ ሀብ ኃይሉን ከፓወር ሰፕላይ ስለሚወስድ የቮልቴጁ መቀነስ አይደርሰውም፤ ፋኖቹ ሁሉ በሙሉ ፍጥነት ይጮኻሉ። ባዮስ ውስጥ ዲሲ የሚለውን ወደ ፒደብሊውኤም መቀየር ብዙ ጊዜ ያድናል፤ ምርጫው የሌለባቸው አሮጌ ቦርዶች ግን መፍትሔ የላቸውም።

ከሁለቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የወሬው ነገር ነው። ሀብ አራትም ይያዝ አሥር ፋን ለማዘርቦርዱ የሚያደርሰው የአንዱን ዙር ብቻ ነው፤ የሁሉም ምት በአንድ ሽቦ ቢመጣ ቆጣሪው ይዘባርቃል። ሌላው ፋን ቢሞት ስክሪኑ ላይ ምንም አይለወጥም። ማዘርቦርዱን ለማዳን ሲባል የመጣው መፍትሔ በ1990ዎቹ ሦስተኛው ሽቦ የመጣበትን ምክንያት ገሸሽ አደረገው። ቢያንስ የፕሮሰሰሩ ፋን ወሬ በፕሮሰሰሩ መሰኪያ በኩል መድረስ አለበት፤ አለዚያ ብዙ ቦርዶች ገና ሲነሡ የፋን ስሕተት ብለው ይቆማሉ። ሙሉው መልስ የእያንዳንዱን ፋን ሁለት የኃይል ሽቦ ወደ ሞሌክስ አዙሮ፣ የዙርና የትእዛዝ ሽቦውን ብቻ በየራሱ መሰኪያ ላይ መሰካት ነው፤ ኃይሉ ከአንድ ፓወር ሰፕላይ እስከመጣ ድረስ ግራውንዱ የጋራ ስለሆነ ምልክቱ በትክክል ይነበባል። ይህ በፋኖቹ ቁጥር ልክ መሰኪያ ይጠይቃል። ሥራው ራሱ ረጅም አይደለም፦ ኃይሉ መቋረጡ ከተረጋገጠ በኋላ የፕላስቲኩን ጫፍ ጥርስ በቀጭን መርፌ ጫን ብሎ የ12 ቮልቱንና የግራውንዱን ፒን ወደ ኋላ መሳብ፣ ከዚያ ሁለቱን ለብቻቸው ወደ ሞሌክስ ጫፍ ማስገባት።